የሰኞ ደረት

ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ፣ ሙዙ አልቆ የጥጥ ማሳው በሚጀምርበት ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ መጋዘን አለ። በሩ ላይ የመስታወት ሰሌዳ ተለጥፏል። ከላይ በእንግሊዝኛ፣ ከሥር በአማርኛ፣ ህንፃው ለአካባቢ ተስማሚ ነው፣ በውስጡ ያለውም አየር ተለክቶ ንጹህ ሆኖ ተገኝቷል ይላል። ማታ ማታ በዚያ ሰሌዳ ሥር ሴቶች ይወጣሉ። ቅንድባቸው ነጭ፣ ሽፋሽፍታቸው ነጭ። ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ እንደ አሮጊት ሸብታ ትወጣና አስፋልት ዳር ቆማ ሽበቷን ታራግፋለች። ከዚያ ትስላለች።

ሰሌዳውን አንብቦ ልጅቷን ያየ ሰው አንድ ነገር እንደተበላሸ ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልገውም። እኔም የለኝም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ማንም ሳያዘኝ ነው። የምጽፈው ስለ ጎረቤቴ ስለ ሻሺቱ ኦይታ ነው። የእሷን ቤትና የእኔን ሱቅ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ስትተነፍስ ይሰማኛል። የሰው ትንፋሽ በግድግዳ አልፎ መሰማት አልነበረበትም።

ሻሺቱ የኦቾሎ ልጅ ናት። ኦቾሎ ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለው ሸንተረር ጫፍ ላይ ያለ መንደር ነው፤ ነፋስ ከግራም ከቀኝም ይመታዋል። አባቷ ኦይታ ሸማኔ ነበር። በጋሞ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች፤ እሷም እንዝርት የያዘችው የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው። ጥጥ ስታፍታታ፣ ስትባዝት፣ ስትፈትል ጡት አወጣች፣ ስትፈትል ታጨች።

«ጥጥ ገድሎን አያውቅም» ትለኛለች አሁን፣ በቃልና በቃል መሐል እየተነፈሰች። «እኛ አገር ጥጥ የሚባዘተው ደጅ ላይ፣ እንሰቱ ሥር ነው። ብናኙን ነፋስ ይወስድና ለአባያ ይሰጠዋል። አባያ ደግሞ አይስልም።»

ተድራ ወደ ቆላ ወረደች። ባሏ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያሰግር ነበር፤ ወባ ወሰደው። ባዩሽ የምትባል አንድ ሴት ልጅ ትቶላት ሄደ። ሻሺቱ ሙዝ ተሸክማለች፣ ዓሣ ሸጣለች፣ የሰው ልብስ አጥባለች። በሁለት ሺህ አምስት ዓ.ም. መጋዘኑ ተሠርቶ ሲያልቅና ጥጥ የሚያውቁ ሴቶች ይፈለጋሉ ሲባል ከፊት ከተሰለፉት አንዷ እሷ ነበረች። ደስታዋን አስታውሳለሁ። «ባለሙያ ተባልኩ» አለችኝ። «በጥጥ! በእናቴ ሥራ!»

እዚህ ላይ ስለ ህንፃው መናገር አለብኝና ታገሱኝ። መጥፎ ህንፃ አይደለም፤ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ጣሪያው ፀሐይ እንዲመልስ ነጭ ተቀብቷል። የዝናብ ውሃ ወደ ጋን ይወርዳል። ቀን መብራት እንዳይበራ ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቆርቆሮ ጣልቃ ገብቶበታል። ግድግዳው ነፋስ አያስገባም፣ በሮቹ ዙሪያቸውን ጎማ ናቸው፤ ሲዘጉ እንደ ማቀዝቀዣ ጥርቅም ይላሉ። ጣሪያው ላይ አየር የሚያወጡ ትልልቅ ማራገቢያዎች አሉ። ግን አይዞሩም። ለምን ብትሉ፣ መብራት መቆጠብ ለዚያች ሰሌዳ ነጥብ ያሰጣል። አየር ማውጫ ማስገባትም ነጥብ ያሰጣል። ስለዚህ ገብቷል፤ ገብቶም ቆሟል። ሁለቱንም ነጥብ አገኙ።

አየሩስ? ተለክቷል። የሰሌዳውን ደንብ አግኝቼ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ አንብቤዋለሁ። ግንባታው አልቆ፣ ቀለሙ ደርቆ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት ይለካ ይላል። መለኪያው ሰው በሚተነፍስበት ቁመት ላይ ይቁም ይላል። የሚፈለገው የቀለም፣ የማጣበቂያ፣ የአዲስ ጣውላ መርዝ ነው። ህንፃው በሰፋ ቁጥር የሚለካበት ቦታ ይብዛ ይላል። እሰየው! ቀጥሎ ግን አንዲት መስመር አለች፦ ሰው አዘውትሮ የማይውልበት የዕቃ ማከማቻ አይቆጠርም።

ሲሠራ እውነትም የመጋዘኑ ትልቅ አዳራሽ የታሰረ ጥጥ መደርደሪያ ብቻ ነበር። ዓመት ሳይሞላ የጥጥ መለያው ሥራ ከደጁ ዳስ ተነስቶ እዚያ ውስጥ ገባ፤ ዝናብ ያበላሸዋል፣ እርጥበት ይገባዋል ተባለ። ጥጡ እንዳይበላሽ ሴቶቹ ገቡ። በታሰረው ጥጥ መሐል መሬት ላይ ተደርድረው ገለባውን፣ ቅጠሉን፣ የቆሸሸውን ይለያሉ። በሩ ጥርቅም። ፕላኑን የቀየረ የለም። በፕላኑ ላይ እዚያ ቦታ ላይ ሰው የለም። እስከ ዛሬም የለም።

በሁለተኛው ዓመት ሰኞ ሰኞ ደረታቸውን ይይዛቸው ጀመር። እሁድ አርፈው፣ ሰኞ ገብተው፣ ከሰዓት ላይ እንደ ገመድ ይጠፍራቸዋል። ማክሰኞ ይሻላል። ረቡዕ ይለቃል። ምን መሰላቸው? ምች! እሁድ ገላችንን ታጥበን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ፀሐይ መትቶን ነው አሉ። ዳማከሴ ጨምቀው ጠጡ፣ ተቀቡ። ረቡዕ ሲለቃቸው ዳማከሴው ሠራ አሉ። ከሻሺቱ አጠገብ የምትቀመጠው ልክነሽ፣ ምላሷ የማያርፈው፣ «ደረታችን የመንግሥት ሠራተኛ ሆኗል፤ ሰኞ ሥራ መግባት ይከብደዋል» ብላ ታስቃቸው ነበር። እየሳቁ ይስላሉ፣ እየሳሉ ይስቃሉ። ስም እንኳ አወጡለት፤ የሰኞ ደረት።

እኔ ጮኼአለሁ። «ምች ቀን ቆጥሮ የሚመጣው ከመቼ ወዲህ ነው?» ብያቸዋለሁ። «ረቡዕ የሚለቅ በሽታ በሽታ አይደለም» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ሕዝብ እንዴት ይረዳል? ሞቱን በሳምንት ከፍሎ ከሰጡት አመስግኖ ይቀበላል።

የሻሺቱ ግን ከጊዜ በኋላ ረቡዕም አልለቅ አለ። ቅዳሜም አልለቅ አለ። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ አክታዋን መርምረው «ሳንባ ነቀርሳ የለብሽም፣ ደስ ይበልሽ» አሏት። ደስ ብሏት መጣች። በሦስተኛው ጊዜ ነቀርሳ የለብሽም ሲሏት ደስ አላላትም። ያኔ ነው ገብቷት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ የሄደችው። አቶ ብርሃነመስቀል ከሰሜን የመጣ፣ ንግግሩ የታረመ፣ ሰው የማይሰድብ ሰው ነው። እሷ የነገረችኝን እጽፋለሁ።

«አቶ ብርሃነመስቀል፣ እኛ ያለንበትን አየር የሚለካልን አጣን።»

«ተለክቷል እኮ እህቴ። በር ላይ ተጽፎልሻል።»

«ያኔ እኛ አልገባንም ነበራ።»

«ጥሩነቱ እሱ አይደል? ንጹህ ቤት ነው የተረከባችሁት።»

«አሁንስ ጌታዬ?»

«አሁንማ እናንተ ገብታችሁበታል። ካቆሸሻችሁት ምን ላድርግ?» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። አለቃ ሲስቅ መሳቅ አለብን፤ ተምረነው ነው ያደግነው።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ መጀመሪያ ላይ የባዩሽ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጣ፤ ነጥብ አልመጣላትም። ሻሺቱ ለልጅቷ ሆቴል አስተናጋጅነት ፈለገች፣ ሱቅ ፈለገች፣ እኔም ጠየቅኩላት። የለም። ያለው መጋዘኑ ብቻ ነው። ልጅቷ ሳትነግራት ሄዳ ተመዘገበች፤ የእናቷ ጉልበት ማለቁን አይታለች። የመጀመሪያ ቀን ነጭ ሆና ስትመጣ ሻሺቱ ውሃ አሙቃ የልጅቷን ፀጉር ስታጥብ በግድግዳው በኩል ሰማኋት፤ «ሰኞ ምንም ሳይሆንሽ፣ ሰኞ ምንም ሳይሆንሽ» ትላለች፣ እንደ ጸሎት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች። የባዩሽ ደረት ሳይያዝ አየሩ ይለካ፤ ሰው ባለበት፣ በሩ እንደተዘጋ። ሌላ ምንም አልጠየቀች። ከተለካ ይታወቃል፣ ከታወቀ ወይ ማራገቢያውን ያዞራሉ ወይ ወደ ደጅ ያወጡናል፤ ሐሳቧ ይኸው ነበር።

ዕድሉም መጣ። ሰሌዳው የሚያገለግልበት ዘመን አልቆ መታደስ ነበረበት። ለመለካት ከአዲስ አበባ የተላከው ፋኑኤል የሚባል ወጣት ነበር። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቦታውን አስቀድሞ ሊያይ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ስልክ ሲያነሳ ጊዜ ልጁ ብቻውን የአዳራሹን በር ከፍቶ ገባና ቀጥ ብሎ ቆመ። ፕላኑን አየ። ሴቶቹን አየ። እንደገና ፕላኑን አየ።

«ይቅርታ እናቶች፣ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«ጥጥ እንለያለን ልጄ» አለች ሻሺቱ።

«ሁልጊዜ?»

«ከእሁድ በቀር።»

«እዚህ ላይ ሰው የለም ነው የሚለው» አለ ወረቀቱን እያየ።

ልክነሽ እጇን ደረቷ ላይ ጣለች። «ሻሺቱ፣ ሞተናል ማለት ነው! ቀብራችን መቼ ነበር? ማንም አልነገረኝም እኮ!»

አዳራሹ ሙሉ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ልጁ አልሳቀም። ሳሉ እስኪያልቅ ቆመ፤ ቶሎ አላለቀም። ከዚያ ሻሺቱ አጠገብ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። «እትዬ፣ ትእዛዜ ቢሮውንና ምግብ ቤቱን ለካ ነው የሚለው። ግን የቀጠረኝ መጋዘኑ አይደለም፤ ሰሌዳውን የሚሰጠው ድርጅት ነው። ሰው ሲሠራ ያገኘሁበትን ቦታ ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ሰኞ ጠዋት መሣሪያ ይዤ እመጣለሁ። በሩ እንደ ሁልጊዜው፣ እናንተም እንደ ሁልጊዜያችሁ ሁኑ።»

«ሰኞ ነው ጥሩ» አለች ሻሺቱ። «ሰኞ ራሱ ይነግርሃል። ሁላችን ካልተገኘንስ?»

«አንድ ሰው ሲሠራ ላግኝ። አንድ ይበቃኛል።»

ያን ቀን ከመለቀቃቸው በፊት ማስታወቂያ ተነገረ። ሰኞ ዕረፍት ነው፣ ደመወዝ አይቆረጥም። ሴቶቹ እልል አሉ። ደመወዝ የማይቆረጥበት ዕረፍት አይተው አያውቁማ። ሻሺቱ በር ላይ ቆማ አንድ በአንድ ለመነቻቸው። «ሰኞ እንምጣ። አንድ ቀን ነው። ይለካልን።» አንዷ ልጄ ታሟል አለች፣ ሌላዋ ባሌ አይፈቅድም፣ ልክነሽ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋትና «እህቴ፣ ስሜን እንዳይዙት እፈራለሁ» አለች።

«ግድ የለም» አለች ሻሺቱ። «አንድ ይበቃኛል ብሏል። እኔ አለሁ።»

በእኛ ከተማ ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም። ከመምሸቱ በፊት አቶ ብርሃነመስቀል ሰምቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ዘበኛ ይልክባት ነበር፣ ወይ ያባርራት ነበር። እሱ ግን እዚህ አገር ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ጉልበታችን ለምን እንደሚታጠፍ ከእኛ ይበልጥ ያውቃል። ሹፌሩን ወደ ኦቾሎ ላከ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሻሺቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የሽፈራው ቅጠል ትሸመጥጣለች። ባዩሽ ደፉ ላይ ቆማ ፀጉሯን ታበጥራለች። እኔ ሱቄ በር ላይ ነበርኩ። የመጋዘኑ መኪና ከመንገዱ ማዶ ቆመ። የወረዱት የኦቾሎ ሽማግሌዎች ናቸው። ከፊት ያሉት ሀላቃ ዘካሪያስ፣ የአባቷ የኦይታ እኩያ፣ መንደሩ መርጦ ሀላቃ ብሎ የሾማቸው ሰው ናቸው። እጃቸው ላይ እርጥብ ሳር ይዘዋል።

የአገራችንን ወግ ለማያውቅ ልንገር። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ ነገሩ አለቀ። ወንድሙ የተገደለበት ሰው እንኳ ጦሩን ይጥላል። ሳሩን አልፎ የሄደ ሰው ጎሜ ይይዘዋል። ጎሜ እርግማን በሉት፣ ነውር በሉት፤ አጥፊውን ብቻ ይዞ አያቆምም፣ ልጁን ይከተላል። በዚህ ወግ ስንት ደም ቆሟል። እኔም እኮራበት ነበር።

«የኦይታ ልጅ፣ እንደምን ዋልሽ?»

«ደህና ሀላቃ። ምነው በደህና? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ማንም እንዳይቸገር ነው የመጣነው።» አሉና ተንበረከኩ። ከኋላቸው ያሉትም ተንበረከኩ። አቧራው ላይ፣ በነጭ ጋቢ።

ሻሺቱ የቅጠሉን ሰፌድ ገፍታ ተነሳች። «ኧረ ይነሱ! ለእኔ ነው? እኔ ማንን ገደልኩ?»

«ነገ ቤትሽ ዋይ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ይህ ሳር ለደም ነው ሀላቃ። አባቴ እንደዚያ ነው ያስተማረኝ። ለጥጥ አወጣችሁት?»

«ለእንጀራ ነው። ሰሌዳው ካልታደሰ ጥጡን የሚገዛው ይሄዳል፣ ቤቱ ይዘጋል ብሎናል ሥራ አስኪያጁ። ስንት ልጅ ነው እዚያ የሚውለው? ሁለት የልጅ ልጆቼ አሉ። የት ይግቡ?»

«እኔ ይዘጋ አላልኩም። ይለካ ነው ያልኩት።»

«ከተለካ ይዘጋል ብሎናል።»

«እንግዲያው አየሩን ያውቀዋላ!» አለች፤ ድምፅዋ ተቆረጠና እስኪመለስላት ሁሉም ጠበቀ። «አባቴ፣ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ። የልጅ ልጆችዎ ሰኞ ሰኞ ደረታቸውን አይዛቸውም?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። ውሸታም ሰው አይደሉም። «ይይዛቸዋል» አሉ። «ረቡዕ ግን ይለቃቸዋል።»

እኔ አልቻልኩም። «ሻሺቱ፣ ተይ! ሳሩን እለፊው! ይህን ሳር ያመጣው መኪና የማን እንደሆነ አታዪም?» ብዬ ጮኽኩ። ከተንበረከኩት አንዱ ዞረው «አንተ ሬዲዮህን ጠግን» አሉኝ። ሰፈርተኛው ሳቀብኝ።

ሻሺቱ እኔንም ሽማግሌዎቹንም አላየችም። ያየችው ደፉ ላይ ማበጠሪያ ይዛ የቆመችውን ባዩሽን ነው። ብትሄድ አየሩ ይለካል፤ ልጅቷ ትተርፍ ይሆናል። ብትሄድ ግን ሳሩን ረግጣ ነው፤ ጎሜው የሚይዘውም ያንኑ ልጅ ነው። በየት በኩል ትውጣ? እናቷንም አባቷንም የቀበሩ ሰዎች ናቸው ፊቷ የተንበረከኩት።

ጎንበስ ብላ የሀላቃን ክርን ያዘች። «ይነሱ አባቴ። እውላለሁ።»

ሽማግሌዎቹ መረቋት። ልጅሽ ትባረክ አሏት። ከልባቸው ነው፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። ሳሩን እጇ ላይ ትተው በመጡበት መኪና ሄዱ።

ሰኞ የመጋዘኑ በሮች ከንጋት ጀምሮ ወለል ብለው ተከፈቱ። ማራገቢያዎቹ ዞሩ። ያን ያህል ድምፅ እንዳላቸው እንኳ አናውቅም ነበር፤ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። ወለሉ ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። ፋኑኤል መሣሪያውን ይዞ ገባ፣ ለካ፣ ወጣ። ከሰዓት ላይ ቤቷን ጠይቆ መጣ። ደጃፏ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«እትዬ ሻሺቱ፣ አንድ ሰው ብዬሽ ነበር እኮ።»

«ሳር ተያዘብኝ ልጄ።»

«ምን ሳር?»

«እርጥብ ሳር።»

«አልገባኝም።»

«አይገባህም። ቁጭ በል፣ ውሃ ልስጥህ።»

«አቤት የሚባልበት ቦታ የለም?»

«በሽማግሌ ላይ? ለማን?»

ውሃውን ጠጣ። «እኔ ያገኘሁትን ነው የምጽፈው» አለ። «ቅዳሜ ያየሁትንም እጽፋለሁ፤ ግን መለኪያ የለውም፣ ወሬ ነው ይሉታል። ዛሬ ሰው አላገኘሁም። አዳራሹንም ለክቼዋለሁ። ንጹህ ነው።»

«ውሸት ነዋ!» አልኩት እኔ ከሱቄ ደጅ።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «ውሸት አይደለም ወንድሜ» አለኝ። «ችግሩ እሱ ነው።»

ሄደ። ልረግመው ፈልጌ ነበር፣ አልሆነልኝም። ማንን ልርገም? ደንቡን የጻፉት ሰዎች ሻሺቱን አይተዋት አያውቁም፤ ቀለም መርዝ መሆኑን አወቁ፣ ጥጥ ላይ ሰው እንደሚቀመጥ ግን ማን ይንገራቸው? ሀላቃ ለልጅ ልጆቻቸው እንጀራ ተንበረከኩ። ብርሃነመስቀል እንኳ ጠዋት ጠዋት ይስላል፤ ሰምቼዋለሁ። ሁሉም በየፊናው ልክ ነው። ሁሉም ልክ በሆነበት አገር አንዲት ሴት ታፍና ትሞታለች፤ ተጠያቂ የለም። ይህን ጽፌ የት እንደማደርሰው አላውቅም።

ሰሌዳው ታደሰ። አዲሱ ከአሮጌው ይተልቃል። በምርቃቱ ዕለት አቶ ብርሃነመስቀል ለሴቶቹ ስጦታ አለኝ አለ፦ ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ ለእያንዳንዳቸው ወተት ይሰጣል። ወተት አቧራ ያጥባል ይባላል አይደል? በጉሮሮ የወረደ ወተት ሳንባ የሚያጥብ ይመስል! ሀላቃ ዘካሪያስ በክብር እንግድነት ተገኝተው ነበር። ሻሺቱን በሕዝቡ መሐል ሲያዩዋት «አየሽ ልጄ? በሰላም ቢያልቅ ወተት ተገኘ» አሏት። እጃቸውን ሳመች።

ባዩሽን ከዚያ ሥራ ለማስወጣት የቀረው አንድ መንገድ ወደ ኦቾሎ መመለስ ነበር። ቤት አለ፣ የአባቷ እንሰት አለ፣ ነፋስ አለ። በቀጣዩ ወር ጓዛቸውን አስረው ወጡ። መኪናው ግርጌ አወረዳቸው፤ የቀረው የእግር ዳገት ነው። ሻሺቱ በልጅነቷ ውሃ ተሸክማ የምትሮጥበት ዳገት። ጥቂት ሄደች፣ ተቀመጠች። ጥቂት ሄደች፣ ተቀመጠች። በቅሎ ለምነው ጫኗት፤ በቅሎዋ ላይ ሆና ከንፈሯ ጠቆረ። ነፋሱ ከላይ ይሰማታል፣ የመንደሯን ዛፎች ሲያወዛውዝ ታያለች፤ ደረቷ ግን ወደዚያ አልወስድሽም አለ። መለሷት። ባዩሽም እናቷን ትታ አልወጣችም። ማክሰኞ ጥጡ ላይ ተቀመጠች።

አሁን ሻሺቱ አትሠራም። ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች፤ ከተኛች ትታፈናለች። እንዝርት እንኳ አስቀርባ ነበር፤ ብናኙ ገና እጇ ላይ ሳለ ያስላታል። ጥጥ እንኳ ከዳት። ቀኑን የምትቆጥረው በባዩሽ ነው። ሰኞ ማታ በመጣ ቁጥር ትንፋሿን ይዛ የልጅቷን እርምጃ ትሰማለች፤ እኔም ከግድግዳው ወዲህ ሬዲዮዬን አጥፍቼ እሰማለሁ። ብዙ ሰኞ በደህና አለፈ። ልጅቷ ትገባለች፣ ትስቃለች፣ ወተቱን በኮዳ ይዛላት ትመጣለች።

ባለፈው ሰሞን ግን እርምጃው ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሳቅ የለም። እዚያው ደፉ ላይ ስትቀመጥ የበሩ ጣውላ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ባዩሽ?»

«አቤት እማዬ።»

«ምነው አትገቢም?»

«ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።»

«እጅሽን ምን ላይ ነው ያደረግሽው?»

ከዚያ ሻሺቱ፣ ቀኑን ከማንም አብልጣ የምታውቀው ሻሺቱ፣ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ስትል ሰማኋት።

«ሰኞ ነው እማዬ» አለች ልጅቷ። «አትጨነቂ። ረቡዕ ይለቀኛል።»